አንድሩ ጆንስን ለመመዘን ዓይኔን ከኳሷ ላይ አነሳሁ

አትላንታ ውስጥ የሥራ ቦታችን የምሳ ሰዓት ክርክር ለዓመታት አንድ ነበር። የከተማችን ቤዝቦል ቡድን የብሬቭስ ተጫዋች የነበረው አንድሩ ጆንስ የቤዝቦል የዝነኞች አዳራሽ፣ ማለትም የታላላቅ ተጫዋቾች የክብር መዝገብ፣ ውስጥ መግባት ይገባዋል? የኩራሳዎው ልጅ ከ1998 እስከ 2007 (እ.ኤ.አ.) በተከታታይ 10 ጎልድ ግለቭ፣ ማለትም የምርጥ ተከላካይ ሽልማት፣ ወስዷል። 434 ሆምረንም (ኳሷን ከሜዳው አጥር አሳልፎ የመታቸው) አለው። ግን የምት አማካዩ .254 ነው፤ የተሳካለት ከአራት ሙከራ አንዱን ያህል ነው። ተከራካሪዎቼ እዚህ ላይ ሙጭጭ ይላሉ። እኔም ራሴ ልየው ብዬ ተነሳሁ።

የስህተት ቆጠራን ወዲያው ተውኩት። ስህተት የሚመዘገበው ኳሷ ጋር በደረሰ ሰው ላይ ነው። ያልደረሰው መዝገቡ ንጹህ ነው። የማይሠራ አይሳሳትም።

ከዚያ የድሮ ጨዋታዎችን ማየት ጀመርኩ። የቴሌቪዥን ካሜራ የሚያሳየው ወርዋሪውንና መቺውን ነው። ጆንስ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ሩጫው ተጋምሷል። ስለዚህ ሜዳው በሙሉ የሚታይበትን ድጋሚ ምስል እየፈለግኩ፣ ዱላው ኳሷን ሲነካ አቆመዋለሁ። የት ቆሟል? የመጀመሪያ እርምጃው ወዴት ነው? ሰውዬው ከሌሎች የመሀል አውትፊልድ (የሜዳው የኋላ ክፍል መሀል) ተጫዋቾች ይልቅ ወደ ፊት ቀረብ ብሎ ይቆማል። አጭሯን ሳትወድቅ ይለቅማታል። ረጅሟ ስትመጣ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ግድግዳው ይሮጣል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ደርሶ ቆሞ ይጠብቃታል። ተወርውሮ የሚይዝ ፎቶው ያምራል። እኔ ቆሞ የያዘውን እመርጣለሁ።

ዓይን ግን ያዳላል፤ በተለይ የእኔ። የተጫወተበት ተርነር ፊልድ እኮ በ1996 ኦሊምፒክ ፋጡማ ሮባ በማራቶን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር ያሸነፉበት ስታዲየም ነው! ስለዚህ ቤዝቦል ሪፈረንስ የተባለው የስታቲስቲክስ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ስሌት አየሁ። ከአማካይ ተከላካይ ይልቅ ከ200 በላይ ነጥብ አድኗል ይላል። በአውትፊልድ የሚበልጠው የለም።

በመከላከል መግባትም አዲስ አይደለም። ሌላው ተጫዋች ኦዚ ስሚዝ በ19 ዓመት የጨዋታ ዘመኑ 28 ሆምረን ብቻ መትቶ፣ በ13 ጎልድ ግለቭ፣ በ2002 ዕጩ በሆነበት በመጀመሪያው ዓመት ገብቷል።

የከበደኝ ሌላው ነው። የጆንስ ብቃት ከ30 ዓመቱ በኋላ ወደቀ። በ2008 ዶጀርስ ለተባለው ቡድን ሲጫወት የምት አማካዩ .158 ብቻ ነበር። ብዙ አሰብኩበት። ለዕጩነት የሚጠየቀው ቢያንስ 10 ዓመት መጫወት ነው፤ እሱ ያን ያህል ጊዜ ከሁሉ በላይ ሆኖ ተከላክሏል። ይገባዋል አልኩ።

ድምፅ የሚሰጡት የስፖርት ጸሐፊዎች በ2018 የሰጡት 7.3 በመቶ ነበር፤ ለመግባት 75 ያስፈልጋል። በ2026 ተመረጠ።

አሁን የምሳ ክርክራችን ሌላው የቀድሞ ተጫዋች ኪት ሄርናንዴዝ ነው። 11 ጎልድ ግለቭ አለው፤ ግን ሁሉም በመጀመሪያ ቤዝ፣ ማለትም መቺው መጀመሪያ በሚሮጥበት ጣቢያ ላይ በመከላከል፣ ነው። እዚያ የሚሮጠው አጭር ነው፤ አብዛኛውን ኳስ ሌሎች ይወረውሩለታል። ለጊዜው አይገባውም ብያለሁ። እየጮኹብኝ ነው።