በአዲስ አበባ መሀል ቆሞ መብላት

አዲስ አበባ ላይ ተቀምጬ ከበላሁት ይልቅ ቆሜ የበላሁት ጣፍጦኛል። ይህን ቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ወንበር ያለው ቤት ሁሉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ወንበሩ በተመቸ ቁጥር ሂሳቡ ይከብዳል፣ ምግቡም እየቀዘቀዘ ይመጣል።

ከድሬዳዋ የመጣሁት በባቡር ነው። ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለም፤ አዋሽ ድረስ ተኝቼ ነበር። የድሮው ባቡር ቢሆን ለገሃር፣ ከተማው እምብርት ላይ ያወርደኝ ነበር። አዲሱ ዳር ላይ፣ ፉሪ ለቡ ነው የሚጥላችሁ። ከዚያ ፒያሳ ለመድረስ የከፈልኩት የታክሲ ሂሳብ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወሩ ነሐሴ ነው። ፍልሰታ ተፈቷል፣ ሥጋ ቤቶች ደርተዋል፣ በቆሎና በለስ ገብቷል። ለሆድ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ብርዱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ ሙቀት ሲያስቸግረን ማታ ፍራሽ ግቢ አውጥተን የምንተኛ ሰዎች ነን። እዚህ ፒያሳ አካባቢ በያዝኩት ፔንሲዮን ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ፣ ካልሲዬን ሳላወልቅ፣ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አደረ። ክፍሉን የያዝኩት ሙቅ ውሃ አለ ተብዬ ነው። ጠዋት ስጠይቅ ልጁ «አለ እኮ፣ መብራት ሲመጣ» አለኝ። መብራቱ የመጣው እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ቢያንስ እሱ እንደዚያ ብሎኛል።

እንዲህ ያደረ ሰው ጠዋት የሚያስፈልገው ፉል ነው። ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ በረንዳው ላይ ትልቅ ብረት ድስት የተጣደበት ጠባብ ቤት አገኘሁ። ፉሉ በጋለ ሳህን እየተንተከተከ ይመጣል። ላዩ ላይ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ተከትፎ ተበትኗል። ጠርዙ ላይ እርጎ ጣል ተደርጓል። «ስፔሻል» ካላችሁ እንቁላል ይጨመርበታል። ዳቦው ከዳቦ ቤት አሁን የወጣ ስለሆነ ሲቆርሱት ጣት ያቃጥላል።

ጠረጴዛው አራት ሰው ይይዛል፤ ስለዚህ ተዋወቁም አልተዋወቁም አራት ሰው ይቀመጥበታል። ከፊቴ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ነበሩ። «ጋሼ፣ ያንን ሚጥሚጣ አቀብለኝ እስቲ» አልኳቸው። ጎኔ ያለችው ልጅ መጉረሷን ትታ አየችኝ። እኛ ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይሆንልንም፤ እኔ አባቴንም አንተ ነው የምለው። ሽማግሌው ሚጥሚጣውን ገፋ አደረጉልኝና «ከድሬ ነህ ከሐረር?» አሉኝ።

«ድሬ። ከዚራ።»

«እንደሱ በለኛ አቦ!» ብለው ሳቁ።

ዕድሜያቸውን ባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዚራን ከእኔ በላይ ያውቋታል። ጥላ ያላቸውን ዛፎቿን ሳይቀር አነሱብኝ። እኔም የአገሬ ነገር ሆኖብኝ፣ ባቡሩ እኛ ጋ የደረሰው በ1895 ነው፣ እናንተ ጋ ለመድረስ እስከ 1909 ቆይቷል ብዬ ተመጻደቅኩ። «እሱማ ዳገቱ ነዋ! ሽቅብ ነው የመጣው» አሉ። መልስ አልነበረኝም። ልከፍል ስነሳ አስተናጋጁ ሂሳቡ ተዘግቷል አለኝ። ዞር ብዬ ባይ፣ ሽማግሌው ሄደዋል።

ፒያሳን ድሮ የሚያውቃት ሰው አሁን መንገድ ይጠፋበታል። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈርሷል። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተከፍቷል። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ማታ ማታ እንደ ቀን ይበራል። አምሯል፤ አልክድም። በዚያ ሁሉ ውበት ላይ ግን የሚበላ ነገር አታገኙም። የእኛ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ የሚበላ ካላገኘ መንገድ የሄደ አይመስለውም። ድሬ ላይ አመሻሽ ሲሆን የሳምቡሳውና የባጂያው ዘይት ሽታ ነው ከቤት የሚያወጣን። እዚህ ሰፊውን አስፋልት ተከትዬ ከፒያሳ አራት ኪሎ ስሄድ ያጋጠሙኝ አበባና መብራት ናቸው።

ምግቡ ግን አልጠፋም። ገባ ብሏል። ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ አንድ ቅያስ እጠፉ። ሰዓቱን ደግሞ ጠብቁ። ከ11 ሰዓት በኋላ፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲጎርፍ፣ ከየት መጡ ሳትሉ ሻጮቹ ይመጣሉ። ዕቃቸው ሁሉ በአንድ እጅ የሚነሳ ነው። ሳፋ፣ ባልዲ፣ የከሰል ማንደጃ።

በቆሎ የሚጠብሱ አንዲት እናት አጠገብ ቆሜ ነበር። ማንደጃቸው የሽቦ እጀታ ያለው የቀለም ቆርቆሮ ነው። በቆሎውን በጣታቸው እያገላበጡ በካርቶን ቁራጭ ያራግባሉ። ፍሬው ጠቆር ማለት ሲጀምር ፈነዳ ፈነዳ ይላል። 30 ብር ከፍዬ እየጠበቅኩ ሳለሁ አንድ ልጅ ከማዶ አፏጨ። እናትዬው ቀና ሳይሉ ማንደጃውን ከነፍሙ አንስተው ቅያሱ ውስጥ ገቡ። ሌሎቹም እንደዚያው። ሁለት ደንብ አስከባሪዎች ሲደርሱ ቦታው ላይ የቀረነው እኔና ትንሽ የበቆሎ ልጣጭ ብቻ ነን። ሠላሳ ብሬን ይማርላቸው ብዬ መንገድ ጀመርኩ። ከኋላዬ «የኔ ልጅ! በቆሎህን!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። እያለከለኩ ነው የደረሱብኝ። በቆሎው በልጣጩ ተጠቅልሏል። በዚያ ሩጫ መሀል ማጥቆራቸውን አልረሱም።

በለሱ ቀላል ነው። ልጆቹ በቢላ ልጠው በጫፉ ይሰጧችኋል፤ እሾሁ የእነሱ፣ ጣፋጩ የእናንተ። ሳትጠግቡ አቁሙ። ምክንያቱን ሆዳችሁ ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ወንበሩ ልምጣ። ስታዲየም አካባቢ አንድ ቤት አለ፤ ስሙን አልጠራም። መስታወቱ ያበራል፣ ሙዚቃው ለስለስ ያለ ነው፣ ወንበሩ ያሰምጣል። ዝናብ አባሮኝ ገባሁ። ለብለብ ክትፎ አዘዝኩ። ሜኑው 600 ብር ይላል። ግማሽ ሰዓት ከጠበቅኩ በኋላ መጣ፤ ቅቤው ጠርዙ ላይ ረግቶ። ጎመኑና አይቡ ደህና ነበር። ሂሳቡ ሲመጣ ክትፎው ብቻውን 759 ብር ሆኗል።

«እህቴ፣ ይሄ ነገር ተሳስቷል መሰለኝ» አልኳት።

«አይ፣ ሰርቪስ አለው። ከዚያ ቫት።»

ሰርቪሱ 10 በመቶ ነው። ቫቱ 15 በመቶ ነው፤ እሱም የሚሰላው ሰርቪሱ ከተደመረ በኋላ ነው። ሜኑውን መልሼ ጠየቅኩ። እውነቷን ነው፤ የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ፣ ጉንዳን በሚያክል ፊደል ተጽፏል። ግብር አይከፈል አላልኩም። ዋጋውን ከነግብሩ መጻፍ ምን ይከብዳል? እኛ ጋ አንድ ሰው «ስንት ነው?» ካለ የሚነገረው የሚከፍለው ነው። ቆጮውንም ለብቻ አስከፍለውኛል፤ እሱን ስተርክ ደሜ ስለሚፈላ እዚህ ላይ ልተወው።

ወንበር ሁሉ እንደዚያ አይደለም አልኩ አይደል? ረቡዕ ቀን፣ ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ አንድ ሽሮ ቤት ገባሁ። ያለችው አግዳሚ ናት፤ እሷም ትነቃነቃለች። እጅ ለመታጠብ ወረፋ አለ። ተጋቢኖው በሸክላ ድስት እየፈላ እንጀራው መሀል ይቀመጣል። እስኪበርድ የሚጠብቅ ሰው አላየሁም፤ ሁሉም እየተቃጠለ ነው የሚበላው። እኔም ተቃጠልኩ። እንጀራ ሲያልቅ ሳይጠየቅ ይጨመራል። 180 ብር፤ በቃ፣ የተጻፈው ያው ነው። እዚያ ቤት ደጋግሜ ተመልሻለሁ።

ቡናም ቆሞ ነው። ፒያሳ ያለው ቶሞካ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና እየቆላ ነው። ሰው ረጃጅሙን ጠረጴዛ ተደግፎ ማኪያቶውን በሦስት ጉንጭ ጨርሶ ይወጣል። ሽታው ከመንገዱ ማዶ ይጣራል። ስኒዋ ትንሽ ናት፣ ጉልበቷ ግን እስከ ማታ አይለቅም። እኛ ሐረርጌዎች ፍሬውን ለሰው ሸጠን ቅጠሉን ቁቲ ብለን የምንጠጣ ሰዎች ስለሆንን፣ እዚህ ቆሜ ፍሬውን ስጠጣ ትንሽ የተበቀልኩ መሰለኝ። ለወሬ ከሆነ ግን የመንገድ ዳር ጀበና ይሻላል። 25 ብር ነው፤ በርጩማውና የሠፈሩ ሐሜት በነፃ ነው። ጤናዳም ይጨመርልህ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ይጨመር።

ስፕሪስ ላይ ግን አልስማማም። አቮካዶው፣ ፓፓያውና ማንጎው ተደራርቦ ሲመጣ ያምራል፤ ላዩ ላይ ቪምቶ ያፈሱበታል። በማንኪያ ካልሆነ አይጠጣም። አቮካዶው ልዩ ነው። ማንጎውን ስቀምስ ግን አገሬ ናፈቀኝ። በዚያ ብርድ ላይ ደግሞ የቀዘቀዘ ነገር ማን ይለምናል?

ከሁሉ ያሸነፈው እርጥብ ነው። ያደረሰኝ ጫማዬን የጠረገልኝ ሊስትሮ ነው። «ብራዘር፣ ጥጋብ ነው የምትፈልገው ወይስ ፎቶ?» አለኝ። ጥጋብ አልኩት። አራት ኪሎ ላይ፣ ተማሪዎች የተኮለኮሉባት አንዲት የቆርቆሮ ቤት በእጁ አሳየኝ። መስኮቷ ላይ አንድ ወጣት ይሠራል። ዳቦውን በአንድ ምት ይሰነጥቀዋል። ከዘይት አሁን የወጣ ድንች ይጠቀጥቅበታል፤ ድንቹ ዳር ዳሩ ቀላ ብሎ ውስጡ ለስላሳ ነው። ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ። ከዚያ ማንኪያውን ዳጣው ውስጥ ይነክርና ቀና ብሎ ያያችኋል። «ይብዛ ይነስ?» ይብዛ አልኩት፤ የቢስባስ አገር ልጅ ነኝ፤ ቢስባስ የእኛ የሚያቃጥል የቃሪያ ማባያ ነው። ዳጣው በዳቦው ሥር እየተንጠባጠበ እጅጌዬ ድረስ ወረደ። አፍንጫዬም ፈሰሰ። ከለቡ ወዲህ ሙሉ በሙሉ የሞቀኝ ያኔ ብቻ ነው። 80 ብር። ሌላ ደገምኩ።

ጥሬ ሥጋ ሳልበላ ተመለስኩ። ካዛንቺስ ለመሄድ አስቤ ነበር፤ ሠፈሩ አብዛኛው ፈርሷል፣ የማውቀው ቤት ከነቅያሱ የለም። ከዚያ ሌላ ቦታ መፈለግ አላሰኘኝም።

የመመለሻው ባቡር ጠዋት ስለሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከፔንሲዮኑ ወጣሁ። በዚያ ሰዓት ነቅተው ያገኘኋቸው የሚኒባስ ረዳቶችና ፓስቲ የምትጠብስ ሴት ናቸው። ሊጡን በእጇ ጠፍጠፍ አድርጋ ዘይቱ ውስጥ ትጥለዋለች፤ ወዲያው ተነፍቶ ይገለበጣል። ለመንገድ ብዬ ብዙ አስጠቀለልኩ። ጋዜጣው ለቡ ሳይደርስ በዘይት ርሶ ፊደሉ አልነበብ አለ።

ባቡሩ ውስጥ ከጎኔ አንዲት የድሬ እናት ተቀመጠች። ገና ሳንነሳ ጭኔ ላይ ያለውን ጥቅል አየችው።

«ምንድነው እሱ?»

«ፓስቲ ነው። ብዪ፣ እማዬ።»

አንዱን ገምሳ አሸተተችው። «ባዶውን ነው እንዴ የሰጡህ? እነዚህ ሰዎች!» አለችና ቦርሳዋን ከፈተች። ከልብሶቹ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የማዮኔዝ ጠርሙስ አወጣች። እስከ አፉ ቢስባስ ሞልቶበታል። አዲስ አበባ ልጇን ጠይቃ መመለሷ ነው፤ ከቤት ይዛው የሄደችው ተርፏት ነው። ፊት ለፊታችን የነበሩት ሁለት ወጣቶችም እጃቸውን ዘረጉ። አዳማ ሳንደርስ ፓስቲው አለቀ።