ከቶኪዮ ውጪ ያለ ቴሌቪዥን፦ የፉኩሺማ ቹኦን ታሪክ እንዴት እንደጻፍኩ

ስጀምር የፈለግኩት አንዲት ደቂቃ ብቻ ነበረች።

መጋቢት 3 ቀን 2003 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት ከ36 ላይ የፉኩሺማ ዳይኢቺ ኑክሌር ማመንጫ የ1ኛው ሪአክተር ሕንፃ ፈነዳ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጃፓኖቹ 15፡36 ይሉታል። ያንን ቅጽበት በካሜራ ያስቀረው አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። የሕዝብ ማሰራጫው ኤንኤችኬ አይደለም። ከቶኪዮ ግዙፎች አንዱም አይደለም። ኮሪያማ ከተማ ያለው ፉኩሺማ ቹኦ ቴሌቪዥን ነው። «ቹኦ» ማለት «ማዕከላዊ» ማለት ነው።

ሴንዳይ ውስጥ የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ያቺን ደቂቃ ይዤ አማካሪዬ ዘንድ ሄድኩ። ትንሽ ዝም አሉና «ይህቺን ደቂቃ ሁሉም ያውቃታል። አንተ ከሷ በፊት ያሉትን 41 ዓመታት ጻፍ» አሉኝ። በልቤ «ማን ሊያነበው?» አልኩ። አፌ ግን «ሃይ» አለ፤ «እሺ» ማለት ነው። ጃፓን ውስጥ ለፕሮፌሰር ሌላ መልስ የለም።

ሁለት ወር ኢንተርኔት ላይ ቆፈርኩ። የትም ብሄድ ያው አንድ አንቀጽ ነው የሚመላለሰው። መቼ ተቋቋመ፣ ስንተኛ ቻናል ነው፣ የማን ኔትወርክ ነው፣ በቃ። እነዚያ ሁለት ወራት ዛሬም ይቆጩኛል።

ከዚያ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ስለ «ሻሺ» ነገረችኝ። የጃፓን ኩባንያዎች 20 ወይም 30 ዓመት ሲሞላቸው የራሳቸውን ታሪክ ወፍራም መጽሐፍ አድርገው ያሳትማሉ። ሻሺ ማለት ይኸው ነው። ካዋሳኪ ውስጥ የካናጋዋ ክፍለ ሀገር የሆነ አንድ ቤተ መጻሕፍት አለ፤ እነዚህን መጻሕፍት በመሰብሰብ የታወቀ ነው። እዚያ ተቀምጬ የብዙ የክፍለ ሀገር ጣቢያዎችን ሻሺ አገላበጥኩ። ፕሬዚዳንቱ ሪባን ሲቆርጡ። ፕሬዚዳንቱ አዲሱን ማማ ሲያስመርቁ። ፕሬዚዳንቱ ከገዥው ጋር። ቀን እና ቁጥር ለማግኘት ከዚህ የተሻለ ምንጭ የለም። የሚያም ነገር ለማግኘት ግን አይሆንም። ድርጅት ስለራሱ ሲጽፍ ሠርግ ላይ እንደሚነገር ንግግር ነው፤ የሙሽራው ጥፋት አይነሳም።

ሁነኛው መዝገብ የጋዜጣ የመጨረሻ ገጽ ሆኖ ተገኘ። የጃፓን ጋዜጦች የዕለቱን የሬዲዮና ቴሌቪዥን ፕሮግራም በሰንጠረዥ ያወጣሉ፤ «ራቴ ራን» ይሉታል። ፉኩሺማ ሁለት የራሷ ዕለታዊ ጋዜጦች አሏት፣ ሚንፖ እና ሚንዩ። ሁለቱም ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሚታተሙ ናቸው። ፉኩሺማ ከተማ፣ ከሥነ ጥበብ ሙዚየሙ ጎን ያለው የክፍለ ሀገሩ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ የድሮ ጋዜጦች የተቀረጹበትን ማይክሮፊልም ማሽከርከር ጀመርኩ። ከሴንዳይ በአውቶቡስ እየተመላለስኩ። ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን ለተማሪ ኪስ አይደለም።

ሰንጠረዡን የሚያነብ ሰው መጀመሪያ አንድ ነገር መረዳት አለበት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በኋላ ያስፈልገናል። ከዚህ በታች ዓመቶቹም ወራቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጃፓን ውስጥ ኤንኤችኬ በየካቲት 1953 የቴሌቪዥን ስርጭት ጀመረ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የመጀመሪያው የንግድ ጣቢያ፣ ኒፖን ቴሌቪዥን፣ ተከተለ። ሁለቱም ቶኪዮ ላይ ነው። የንግድ ጣቢያ ፈቃድ የሚሰጠው ግን ለመላው አገር አይደለም። ከጥቂት ትልልቅ አካባቢዎች በቀር ለአንድ ክፍለ ሀገር ነው። በ1957 ታናካ ካኩኤይ የሚባሉ የ39 ዓመት የፖስታ ሚኒስትር፣ ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት፣ በአንድ ጊዜ ለ34 የግል ኩባንያዎች ቅድመ ፈቃድ ሰጡ። እንግዲህ በየክፍለ ሀገሩ ጣቢያ በቀለ። እነዚህ ጣቢያዎች ቀኑን ሙሉ የሚሞላ ፕሮግራም ለመሥራት ገንዘቡም ሰውም የላቸውም። ስለዚህ ከቶኪዮ ጣቢያ ጋር ኔትወርክ ይገባሉ። ድራማው፣ ቀልዱ፣ የአገር አቀፍ ዜናው ከዚያ ይመጣል። የራሳቸው ሥራ ከጠቅላላው ሰዓት አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። በምላሹ በግዛታቸው የሚፈጠረውን ዜና ቀርጸው ለቶኪዮ ይልካሉ። ለረጅም ዘመን አንድ የመንግሥት ቴሌቪዥን ብቻ እያየ ላደገ እንደኔ ያለ ሰው ይህ አሠራር ግር ይላል። ባለቤቱ የአካባቢው ሰው ነው፣ ድምፁ ግን አብዛኛውን ጊዜ የቶኪዮ ነው።

ፉኩሺማ የመጀመሪያውን የንግድ ጣቢያ ያገኘችው በ1963 ነው። ሁለተኛው ቹኦ ነው፣ ኤፕሪል 1 ቀን 1970። በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 23 ቀን 1962። ሦስተኛው በ1981፣ አራተኛው በ1983 መጡ።

ታዲያ በ1970ዎቹ ሰንጠረዥ ላይ አንድ እንግዳ ነገር አየሁ። ቹኦ የኒፖን ቴሌቪዥን ኔትወርክ ነው። ግን ዛሬ ቲቪ አሳሂ የሚባለውን የሌላውን ጣቢያ ፕሮግራምም ያሳያል። ኔትወርክ ያላቸው የቶኪዮ ጣቢያዎች አራት፣ እዚህ ያሉት ሁለት፤ ስለዚህ አንዱ ለሁለት ጌታ ያድራል። ቶኪዮ ማታ ያየውን ፕሮግራም የፉኩሺማ ልጅ ከሳምንት በኋላ፣ ያውም ባልተለመደ ሰዓት ሊያየው ይችላል። ሦስተኛው ጣቢያ በ1981 ሲከፈት ነው ቹኦ ወደ አንድ ኔትወርክ የገባው። ይህን ከሻሺ ባነብ ኖሮ አንድ መስመር ነበር። ከሰንጠረዡ ሳየው ግን ሰዎች ማታ ማታ ምን እንደጎደለባቸው ታየኝ።

እዚህ ጋ የሠራሁትን ጥፋት ልናዘዝ። ጃፓን ውስጥ ዓመቱ በንጉሡ ዘመን ይቆጠራል፤ 1970 ሾዋ 45 ነው። ይሄ ለእኛ ብርቅ አይደለም፣ ከተወለድን ጀምሮ በሁለት ካላንደር ነው የምንኖረው። በዚህ ተመክቼ ጉድ ሆንኩ። የመሥሪያ ቤት ሰነድ ላይ «የሾዋ 44 በጀት ዓመት፣ መጋቢት» የሚል ካየህ 1969 እንዳይመስልህ። የበጀት ዓመቱ ከኤፕሪል እስከ መጋቢት ስለሆነ 1970 ነው። ግማሽ ምዕራፍ በአንድ ዓመት ዘልዬ ጻፍኩ። አማካሪዬ በቀይ አከበቡት፤ ምንም አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር።

ከወረቀቱ ቀጥሎ ሰው ፍለጋ ሄድኩ። ለአንድ መሥሪያ ቤት አራት ኢሜይል ላክሁ። ዝም። ከዚያ ነው በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ እዚያ አገር ምን ያህል እንደሚከበር የተረዳሁት። በተንሻፈፈ ካንጂዬ፣ በጃፓን ፊደል፣ የጻፍኩት ደብዳቤ ኢሜይሉ ያልከፈተውን በር ከፈተ፤ ጡረታ የወጡ የጋዜጠኛም የቴክኒሻንም ስልክ ደረሰኝ። ከሁሉም የጠቀሙኝ ግን በክፍለ ሀገሩ ምዕራብ፣ አይዙ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የነበራቸው አንድ አዛውንት ናቸው።

ስህተቴን ደገምኩ። ገና ከመቀመጤ ስለ ፍንዳታው ጠየቅኋቸው። ፊታቸው ተዘጋ። ሻይ ቀዱልኝና ስለ በረዶው ማውራት ጀመሩ። እኔም ደንግጬ ያመጣሁትን የይርጋጨፌ ቡና ከቦርሳዬ አወጣሁ። «ሞካ!» አሉ። ጃፓን ውስጥ የኢትዮጵያ ቡና የሚታወቀው በዚህ ስም ነው። እሱን እያፈላን ሳለ ጣራቸው ላይ ስላሉት አንቴናዎች ጠየቅኋቸው። ሁለት ሰዓት አላቆሙም።

የፉኩሺማ ክፍለ ሀገር ከሆካይዶ እና ከኢዋቴ ቀጥሎ በስፋት ሦስተኛ ነው። በተራራ ለሦስት ተከፍሏል፦ ባሕር ዳሩ ሃማዶሪ፣ መሃሉ ናካዶሪ፣ ምዕራቡ አይዙ። ኤንኤችኬ እና የመጀመሪያው የንግድ ጣቢያ ቪኤችኤፍ በሚባለው ሞገድ ነበሩ። ቹኦ የመጣው በዩኤችኤፍ ነው፤ በዚያ ዘመን መንግሥት ለአዳዲስ ጣቢያዎች የከፈተው ያንን ሞገድ ነበርና። ስለዚህ ሰው አዲሱን ጣቢያ ለማየት አዲስ አንቴና መግዛት ነበረበት። ቴሌቪዥኑ አሮጌ ከሆነ ደግሞ መቀየሪያ ሳጥንም ይጨመራል። ዩኤችኤፍ ተራራ አይወድም፤ በየሸለቆው ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ማማ ይፈልጋል። «ቴሌቪዥን ሻጭ አልነበርኩም፤ ጣራ ላይ የምኖር ድመት ነበርኩ» አሉኝ አዛውንቱ። በረዶው ያጎበጠውን አንቴና ለማቅናት ማለታቸው ነው።

ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር ስነጋገር የምጀምረው ከዕቃው ነው። ካሜራው የት ነበር? ገመዱ በየት ያልፋል? መብራት ሲጠፋስ? ሰው ስለ ዕቃ ሲያወራ ሳያስበው ስለ ራሱ ያወራል።

ካሜራ ካልኩ ወደዚያች ደቂቃ ልመለስ።

የዳይኢቺ 1ኛ ሪአክተር መደበኛ ሥራ የጀመረው በመጋቢት 1971 ነው። ጣቢያው ከተከፈተ አንድ ዓመት ሊሞላው ሲል። እኩዮች ናቸው። መብራቱ ወደ ቶኪዮ አካባቢ ይሄድ ነበር፣ ፕሮግራሙ ከቶኪዮ ይመጣ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ስጽፍ ጽሑፌ ምን እንደሚል ገባኝ።

በመስከረም 1999 ከፉኩሺማ በስተደቡብ፣ ኢባራኪ ውስጥ፣ ቶካይሙራ በሚባል ቦታ የኑክሌር ነዳጅ ማዘጋጃ አደጋ ደረሰ። ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። ቹኦ ከዚያ ትምህርት ወስዶ ከዳይኢቺ 17 ኪሎ ሜትር ርቆ ተራራ ላይ ካሜራ ተከለ። ከዓመታት በኋላ ያ ካሜራ አሮጌ ሆነ፤ ጥራቱም የድሮ ነው። ከፍንዳታው አንድ ቀን በፊት ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታ ግን ወደ ማመንጫው የቀረቡት የጣቢያዎቹ ካሜራዎች ሥራ አቆሙ። የቀረው ሩቁ እና አሮጌው ነው። ከመጀመሪያው ፍንዳታ ሁለት ቀን በኋላ የ3ኛው ሪአክተር ሕንፃ ሲፈነዳም እሱ ነው የቀረጸው።

ፍንዳታው 9፡36። ቹኦ ምስሉን ለክፍለ ሀገሩ ሕዝብ ያሳየው 9፡40 ገደማ። አራት ደቂቃ። አቅራቢዋ ፍንዳታ አላለችም፤ ፍንዳታ መሆኑን ያረጋገጠ አልነበረማ። ያየችውን ብቻ ተናገረች፦ እንፋሎት የሚመስል ነገር ወጣ፣ ጭሱ ወደ ሰሜን እየሄደ ነው። ወደ ሰሜን ማለቷ ከምንም በላይ ይገርመኛል። ሰሜን ያለ ሰው የሚፈልገው እሱን ነው።

በኒፖን ቴሌቪዥን በኩል መላ አገሩ ያየው ግን 10፡50 ገደማ ነው። ከአንድ ሰዓት በላይ አልፎ። ጠቅላይ ሚኒስትር ናኦቶ ካንም ያዩት ያኔ ነው፣ እንደማንኛውም ሰው በቴሌቪዥን። ጠዋት በሄሊኮፕተር ወደ ማመንጫው ሲሄዱ የኑክሌር ደኅንነት ኮሚሽኑ ሊቀመንበር ሃሩኪ ማዳራሜ ፍንዳታ አይኖርም ብለዋቸው ነበር። ሃያ ኪሎ ሜትር ድረስ ያለው ሰው ይውጣ የሚለው ትእዛዝ የመጣው ከምሽቱ 12፡25 ነው። እስከዚያ ትእዛዙ 10 ኪሎ ሜትር ነበር።

የመጀመሪያው ረቂቄ ላይ ቶኪዮን ክፉኛ ወቀስኩ። ያንን ረቂቅ በሌላ ጣቢያ የዜና ክፍል ለነበሩ አንድ ጡረተኛ አነበብኩላቸው። «አንተ መጨረሻውን አውቀህ ነው የምታየው። እነሱ የሚያዩት አንድ የደበዘዘ ነጭ ነገር ነው። ባለሙያ ሳያብራራው ለመላው አገር ብትለቀው እና ባይሆንስ?» አሉኝ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ያኔም አልተዋጠልኝም፣ አሁንም አይዋጥልኝም። ግን ወቀሳውን አወጣሁና በምትኩ ሁለት ዓምድ ሠራሁ። በግራ ኮሪያማ፣ በቀኝ ቶኪዮ፤ ደቂቃ በደቂቃ። በቀኝ በኩል ያለው ባዶ ቦታ እኔ ልጽፍ ከምችለው ሁሉ ይበልጥ ተናገረ። ያንን ገጽ አማካሪዬ በቀይ አልነኩትም።

ከመመረቄ በፊት አይዙ ተመልሼ ሄድኩ። የታተመውን ጽሑፍም ሌላ ቡናም ይዤ። የአናሎግ ስርጭት በአብዛኛው ጃፓን በሐምሌ 2011 ሲቋረጥ፣ አደጋው ለመታቸው ለፉኩሺማ፣ ለሚያጊ እና ለኢዋቴ እስከ መጋቢት 31 ቀን 2012 ተራዝሞላቸው ነበር። ዲጂታሉ የሚሠራው በዩኤችኤፍ ነው። ስለዚህ በ1970 ሰው እያማረረ የገዛው ዓይነት አንቴና ሥራውን ቀጠለ፤ የቀደምቶቹ ትልልቅ የቪኤችኤፍ አንቴናዎች ግን ከንቱ ቀሩ። አዛውንቱ ጣራቸው ላይ ያለውን አሮጌውን አላወረዱትም። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሁለት ቁራዎች ላዩ ላይ ተቀምጠው ነበር። «ተከራዮች አሉበት» አሉኝ።