በሐዋሳ የሰጠሁት 30 ለ27

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ በኩል ሐዋሳ ለመድረስ 275 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። በዚህ መንገድ ለሥራም ለለቅሶም ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ባለፈው ወር የሄድኩት ግን የእህቴ ልጅ ቦክስ ሲጋጠም ለማየት ነበር። ልጁ በሰፈራችን ባለ አንድ ክበብ ውስጥ አራት ዓመት ሲለማመድ ቆይቶ ከሐዋሳ ልጆች ጋር በሚደረግ የወዳጅነት ውድድር እንዲሳተፍ ተመርጧል። ዓርብ ጠዋት ከቃሊቲ ስንነሳ ሚኒባሱ ውስጥ የነበርነው ቦክሰኞቹ፣ አሰልጣኛቸውና እኔን ጨምሮ አምስት ደጋፊዎች ነበርን። ባቱ ላይ ወርደን የተጠበሰ ዓሣ ስንበላ ቦክሰኞቹ በማግስቱ ሚዛን ላይ ስለሚወጡ ከእኛ ፈንጠር ብለው ሎሚ እየመጠጡ ተቀመጡ። የእህቴ ልጅ ዓይኑን ከሳህኔ ላይ አልነቀለም፤ እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእርሱ ብዬ አንድ ጉርሻ አልቀነስኩም።

ውድድሩ የተካሄደው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ነው። እኛ አምስት ነን፤ የሐዋሳ ደጋፊ ግን አዳራሹን ሞልቶ በመስኮት ላይም ተንጠልጥሏል። ቦታ ያገኘሁት ባርኔጣ ያደረጉና ጉልበታቸው ላይ አንድ ሉክ ወረቀት ዘርግተው በእርሳስ መስመር የሚያሰምሩ አንድ አዛውንት አጠገብ ነበር። ለብዙ ዓመታት በቦክስ ዳኝነት ያገለገሉ የከተማው ሰው መሆናቸውን ነገሩኝ። እኔም ቦክስ ከማንበብና ከማየት ወደኋላ የምል ሰው ስላልሆንኩ፣ ወረቀት ለምኜ የራሴን ነጥብ መያዝ ጀመርኩ።

የአማተር ቦክስ ሦስት ዙር አለው፤ እያንዳንዱም ዙር ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። በመድረኩ ዙሪያ የሚቀመጡት ዳኞች ለዙሩ አሸናፊ 10፣ ለተሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ 9 ይሰጣሉ፤ ክፉኛ ለተበለጠው ደግሞ 8። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህች 10 ለ9 ላይ ነው። ዙሩን በአንዲት ንጹሕ ጃብ፣ ማለትም በፊተኛው እጅ በምትሰነዘር ቀጥተኛ ቡጢ፣ ብልጫ የወሰደውም፣ ሦስቱን ደቂቃ ሙሉ ተጋጣሚውን ሲያሳድድ የዋለውም ያችኑ አንድ ነጥብ ብቻ ያገኛሉ። ስለዚህ ልዩነቱ የፀጉር ያህል በሆነበት ዙር የዳኛው ዓይን ወደየት እንዳዘነበለ ከወረቀቱ ላይ አንብቦ ማወቅ አይቻልም።

የእህቴ ልጅ በቀይ ማዕዘን ቆመ። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ ግራ እጁን እየሰደደ ተጋጣሚውን ከሩቅ መያዝ ይወዳል። ሰማያዊ የለበሰው የሐዋሳ ልጅ አጠር ያለ፣ ደረቱ ሰፊ ግራኝ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ይገባና ጎን ጎኑን ይመታል። የመጀመሪያው ዙር የእኛ መሆኑን የሐዋሳ ሰውም የካደ አይመስለኝም። ከሁለተኛው ዙር በዓይኔ የቀረው የእኛ ልጅ ሁለት ጊዜ በቀኝ እጁ የተጋጣሚውን አገጭ ሲያገኝ ነው። በሦስተኛው ዙር ሁለቱም ደክሟቸው ተያይዘው ሲወዛወዙ ቆዩና፣ ደወሉ ሲቃረብ የእኛ ልጅ ተከታታይ ቡጢ ሲሰነዝር አምስታችንም ከመቀመጫችን ተነሳን። ዙሩ ሲያልቅ ወረቀቴ ላይ የሠፈረው 30 ለ27 ነበር፤ ሦስቱንም ዙር ለእርሱ ሰጥቻለሁ።

ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ለሰማያዊው፣ ሁለቱ ለቀዩ መፍረዳቸው ሲነገር አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ተነስቼ «ሌቦች!» ብዬ ጮኽኩ። አዛውንቱ እስክቀመጥ ጠብቀው፣ «እስቲ ልጄ፣ የአንተን አሳየኝ» አሉኝ። አሳየኋቸው። ምንም ሳይሉ የራሳቸውን አቀበሉኝ፤ 29 ለ28 ለሰማያዊው ይላል፣ ከሦስተኛው ዙር አጠገብም አንዲት ነጥብ በእርሳስ ተደርጋለች።

«ይህች ነጥብ ምንድን ናት፣ አባቴ?»

«ጥርጣሬዬ ናት። ዳኛ በነበርኩ ጊዜ የምጽፍበት ቦታ አልነበረኝም።»

«እርስዎም ግን የሐዋሳ ሰው ነዎት» አልኳቸው፤ ብስጭቴ ገና አልበረደም ነበር።

«ነኝ እንጂ! ነጥቧን ያደረግኋት ለዚህ ነው።»

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ያስጨነቀኝም ከልጁ መሸነፍ ይልቅ የእኔው 30 ለ27 ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ሜክሲኳዊው ቦክሰኛ ካኔሎ አልቫሬዝና የካዛኪስታኑ ጌናዲ ጎሎቭኪን ሜክሲኮ የነጻነት በዓሏን በምታከብርበት ሰሞን ላስ ቬጋስ ላይ ሲጋጠሙ፣ አንዱ ዳኛ 115 ለ113 ለጎሎቭኪን፣ ሌላው 114 ለ114 እኩል ሲሰጡ ሦስተኛዋ 118 ለ110 ለካኔሎ ሰጥተው ግጥሚያው በአቻ ተጠናቀቀ። ያረፉ ቡጢዎችን የሚቆጥረው ኮምፒዩቦክስ 218 ለ169 በጎሎቭኪን ብልጫ መዝግቦ ነበር። ያኔ በሰፈራችን ሻይ ቤት ተቀምጬ ከ12 ዙር 10ሩን ለካኔሎ የሰጠች ዳኛ ወይ ዓይን የላትም ወይ ኅሊና የላትም ብዬ ፈርጄባት ነበር። ሐዋሳ ላይ ግን እኔ ከሦስት ዙር ሦስቱን ለራሴ ወገን ሰጥቼ ቁጭ አልኩ፤ ጉቦ የሰጠኝም ሆነ ያስፈራራኝ ሰው የለም።

እሑድ ጠዋት ከአዛውንቱ ጋር በተቀጣጠርነው መሠረት ሐይቁ ዳር ባለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ተገናኝተን የዓሣ ሾርባ ጠጣን። ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን አንጀት ለመሻማት አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በረጃጅም እግሮቻቸው በመካከላችን ይንጎራደዱ ነበር። አዛውንቱ ስለ ጩኸት ያሉኝ ነገር እስከ አሁን ከጆሮዬ አልወጣም። «የእናንተ ልጅ ክንድ ሲመታ እናንተ ጮኻችሁ። የእኛ ልጅ ክንድ ሲመታ አዳራሹ ጮኸ። ሁለቱም ቡጢዎች አልተቆጠሩም፣ በክንድ ተመክተዋልና። በጸጥታ ያረፈችው ቡጢስ? እሷን የሚያይ ዳኛ ከአምስቱ አንድ ከተገኘ ዕድል ነው።» ከዚያም ማዕዘን የሚባለውን ነገር ጨመሩልኝ። ዳኛው በቦክሰኛው ጀርባ በኩል ከተቀመጠ የክንዱን መወናጨፍ እንጂ ጓንቱ የት እንዳረፈ አያይም፤ ያን ጊዜ የጎደለውን በጆሮው ይሞላዋል።

እኔም ያነበብኩትን አካፈልኳቸው። በአውሮፓ የሻምፒዮና ግጥሚያዎች ላይ ተመራምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙ የእንግሊዝ አጥኚዎች፣ ችሎታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ቦክሰኞች መካከል በአገሩ የሚጋጠመው ግጥሚያው በዝረራ ሲያልቅ የማሸነፍ ዕድሉ 57 በመቶ፣ በነጥብ ሲያልቅ ግን 74 በመቶ መሆኑን አስልተዋል። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ወድቆ የቀረን ሰው ጩኸት አያስነሳውማ» አሉ።

የሴኡልን ነገር ያነሳሁት እኔ ነኝ። አገራችን ባልተሳተፈችበት በዚያ እ.ኤ.አ. የ1988 ኦሊምፒክ አሜሪካዊው ሮይ ጆንስ 86 ቡጢ አሳርፎ፣ 32 ብቻ ባሳረፈው በአስተናጋጇ አገር ልጅ በደቡብ ኮሪያዊው ፓርክ ሲሁን 3 ለ2 ተሸነፈ ተባለ፤ ፓርክ በ2023 ፍሎሪዳ ድረስ ሄዶ ሜዳሊያውን ለጆንስ አስረክቦታል። አዛውንቱ ግን ምሳሌውን አልተቀበሉኝም። «86 ለ32 የተቀራረበ ግጥሚያ አይደለም፤ እሱን ከዚህ ጋር አታምታታብኝ» አሉ። ከ1992ቱ የባርሴሎና ኦሊምፒክ ጀምሮ ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ቁልፍ ካልተጫኑ ቡጢው የማይቆጠርበት ማሽን መጥቶ ነበር፤ እሱም ሃያ ዓመት ያህል ሠርቶ ቀረ። በእርሳቸው አስተያየት ማሽኑ ጎን ላይ ለሚመታ ሰው ደግ አልነበረም፤ ፊት ላይ የምታርፈዋን ቡጢ ሁሉም ያያታል፣ ጎን ላይ የምታርፈዋን ግን ተመቺው ብቻ ያውቃታል።

ቀጥሎ የመጣው ጨዋታ በጣም አሳቀኝ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1987 ሹገር ሬይ ሊዮናርድ ማርቪን ሃግለርን ላስ ቬጋስ ላይ ሲያሸንፍ ሁለት ዳኞች 118 ለ110 እና 115 ለ113 ለሊዮናርድ፣ አንዱ 115 ለ113 ለሃግለር ሰጥተው ነበር። ሊዮናርድ በየዙሩ መጨረሻ ላይ ፈጣን ቡጢዎችን እየደራረበ ሕዝቡን ያስነሳ ነበር፤ ሃግለር ከዚያ በኋላ ወደ መድረክ አልተመለሰም። ስለዚህ ግጥሚያ ስጠይቃቸው እኚያ ጥርጣሬያቸውን በእርሳስ የሚመዘግቡ ሰው ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ «ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሃያውንም ጊዜ ያሸነፈው ሃግለር ነው» አሉኝ።

«ነጥብ የለችበትም?»

«በሃግለር ላይ? የለችበትም!»

ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ከአምስታችን አንዱ በስልኩ የቀረጸውን ቪዲዮ ለመንኩት። ድምፁን አጠፋሁና ዓይኔን ከእህቴ ልጅ ላይ አንስቼ ሰማያዊውን ልጅ ብቻ ለመከተል ወሰንኩ። ቀላል ሥራ አይደለም፤ ዓይን ራሱ ወደ ወዳጁ ይመለሳል። ይባስ ብሎ ቀራጩም እንደ እኔው ደጋፊ ስለሆነ ስልኩን የሚያዞረው የእኛ ልጅ ወደሄደበት ነው። ያም ሆኖ በሁለተኛው ዙር ሰማያዊው በግራ እጁ ጎን ላይ ያሳረፋቸውን ዘጠኝ ቡጢዎች ቆጠርኩ። ቅዳሜ ዕለት ከአሥር ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጬ ከእነዚህ ውስጥ አንዲቷንም አላየሁም። ከዚያ ዙር የማስታውሳቸው ሁለት የቀኝ ቡጢዎችም፣ አንደኛዋ የተጋጣሚውን ትከሻ ነክታ ያለፈች ሆና ተገኘች።

ሦስተኛውን ዙር በጉጉት ጠበቅሁ፤ ክርክሩን የሚዘጋው እሱ ነበርና። የመጨረሻዎቹ ሃያ ሰከንዶች ላይ ሲደርስ ግን ባለስልኩ ለመጮኽ ሲነሳ እጁን ወደ ላይ ስላነሳ፣ ቪዲዮው የሚያሳየው የአዳራሹን ቆርቆሮና አንድ የተሰቀለ አምፖል ብቻ ነው። ድምፁን ብከፍተው የሚሰማው የአምስታችን ጩኸት ነበር፤ ከሁሉም በላይ የእኔ።

አርሲ ነጌሌን ስናልፍ የእህቴ ልጅ ከኋላ ወንበር መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ከንፈሩ አብጦ ነበር። «ጋሼ፣ ነጥብ ስትይዝ አይቼህ ነበር፤ ስንት ሰጠኸኝ?» አለኝ። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። አንብቦ ሲስቅ ከንፈሩን አመመው።

«ኧረ ጋሼ! ሁለተኛው እኮ የእሱ ነው። ትንፋሽ አሳጥቶኝ ነው የዋለው።»

«ሦስተኛውስ?»

«ሦስተኛው የእኔ ነው» አለ፤ ሳቁም ወዲያው ጠፋ።

ወረቀቱን ተቀብዬ ሁለተኛውን ዙር ሰርዤ አስተካከልኩ፤ ከሦስተኛው አጠገብም እርሳሴን ጫን አድርጌ አንዲት ነጥብ አኖርኩ።