«ሳበው!» ማለት ስንት ያስወጣል?

ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮ ገባሁ። አንዲት ቪኤም (በሌላ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የምትሠራ ኮምፒውተር) አለችን፣ ሥራዋ የሎግ መልእክት በትናንሽ ዩዲፒ ፓኬት መላክ ብቻ ነው። ኔትወርኩ ላይ የረባ ጭነት የለም። እሷን የተሸከመው እውነተኛ ኮምፒውተር፣ ሆስቱ፣ ላይ ግን አንድ የፕሮሰሰር ኮር ላብ በላብ ሆኗል።

ቪኤሟ ለምን ለምን ወደ ሆስቱ እንደምትወጣ የሚቆጥረውን «ፐርፍ ኬቪኤም ስታት» ከፈትኩ። ከላይ ቁጭ ያለው «ኢፒቲ ሚስኮንፊግ» ነው። ስሙ ያስደነግጣል፣ የሆነ ነገር የተበላሸ ይመስላል። ምንም አልተበላሸም። ኢንቴል ላይ፣ ቪኤሟ «ፓኬት አስቀምጫለሁ፣ ውሰዱ» ብላ የቪርቲዮ ካርዱን (ለቪኤም የተሠራ ምናባዊ የኔትወርክ ካርድ ነው) ስታንኳኳ በዚህ ስም ነው የሚቆጠረው።

ፓኬት ማስቀመጥ ርካሽ ነው። ሁለቱም ወገን የሚያዩት የጋራ ሜሞሪ አለ፣ እዚያ ቀለበት ላይ ይሰለፋል። ውዱ ማንኳኳቱ ነው። ባንኳኳች ቁጥር ፕሮሰሰሩ ከቪኤሟ ወጥቶ ሆስቱ ጋ ደርሶ ይመለሳል። የመገናኛ ወያላ አንድ ሰው በገባ ቁጥር «ሳበው!» ሲል አስቡት።

የመጀመሪያ ሐሳቤ ማዘግየት ነበር። ሆስቱ ላይ ቪኤሟን የሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ኪኢሙ፣ ላይ የላኪውን ወገን በታይመር ማድረግ ይቻላል፤ ፓኬት ሲመጣ 150 ማይክሮሰከንድ ጠብቆ የተጠራቀመውን ባንዴ ያነሳል። ሞከርኩት። ማንኳኳቱ ቀነሰ። ፒንጉ (የፓኬት ደርሶ መልስ ጊዜ) ግን ወዲያው ዘገየ፣ ምክንያቱም ብቻዋን የመጣች ፓኬትም ታክሲው እስኪሞላ ትጠብቃለች። መለስኩት።

ከዚያ ኮንፊጉን በደንብ አነበብኩ። ቪሆስት ጠፍቷል። «ኢቨንት አይዲኤክስ»ም ጠፍቷል። ሁለቱም የቪርቲዮ ካርዱ አማራጮች ናቸው። ማን አጠፋቸው? እኔው። ከዓመታት በፊት የሆነ «ማፍጠኛ» ብዬ ገልብጬ ለጥፌዋለሁ። ቪኤሞችን የምናስተዳድርበት የሊብቨርት ሰነድ ግን ኢቨንት አይዲኤክስን አትንኩት ብሎ በግልጽ ይመክራል።

ኢቨንት አይዲኤክስን እወደዋለሁ። ተቀባዩ ወገን፣ ማለትም ሆስቱ፣ ቀለበቱ ላይ አንድ ቁጥር ይጽፋል፤ «እዚህ ስትደርሱ ቀስቅሱኝ» እንደማለት ነው። ነቅቶ እየሠራ ከሆነ ቪኤሟ ዝም ብላ ትደረድራለች። ተኝቶ ከሆነ አንድ ጊዜ ታንኳኳለች። ማንም በሰዓት አይጠብቅም። ቪሆስት ደግሞ በ2010 ከሊኑክስ 2.6.34 ጋር የመጣ ነው፤ ፓኬቱን የሆስቱ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ራሱ ስለሚያነሳው ኪኢሙ መሃል ላይ አይገባም።

ሁለቱንም አበራሁና ቪኤሟን አጥፍቼ አስነሳኋት። ሎጉ በብዛት ሲጎርፍ ማንኳኳቱ በግልጽ ወረደ፣ ፒንጉም እንደ ድሮው ሆነ። ፓኬቶች ተራርቀው ሲመጡ ግን አሁንም እያንዳንዷ ታንኳኳለች። ታንኳኳ እንጂ፣ ያኔ ተቀባዩ ተኝቷል።

የቀረው ፕሮግራሙ ነው። ለአንድ መስመር ሎግ አንድ ፓኬት ይልካል። ለጻፈው ልጅ ደወልኩለት፤ «እስቲ አሥር አሥሩን ጠቅልለህ ላክልኝ» አልኩት።

«ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው ወንድሜ፣ ሰኞ እናየዋለን» አለኝ።