ራስ አቡ ገሉም ላይ እመቤቴ የሰማችኝ ሌሊት

ሰላም ወንድሞቼ እህቶቼ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ፣ እኔ ማሳጠር የሚባል ነገር አላውቅበትም።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ጀርመን ነው። እሱ መጋዘን ውስጥ የማታ ሺፍት ነው የሚሠራው፣ እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ነኝ፣ ጠዋት እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ በር ላይ እንደ ጎረቤት "ደህና አደርሽ፣ ደህና ዋል" ተባብለን የምንለያይበት ቀን ነው የሚበዛው። እና አንድ ላይ ፈቃድ ስናገኝ በቃ የማንም ሰርግ የማንም ክርስትና አንሄድም፣ ሁለታችን ብቻ ሰው የማይበዛበት ቦታ እንሂድ አልን። ሲናን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ልቤ የቅድስት ካትሪና ገዳም ላይ ነበር፣ ዕፀ ጳጦስን፣ ያቺን ሙሴ ያያትን ዕፅ ለማየት። እሱ ግን ውኃ ካልገባ እረፍት የወጣ አይመስለውም፣ ባሕር ዳር ተወልዶ ጣና ውስጥ ነው ያደገው። ተስማማን፣ መጀመሪያ ባሕሩ፣ ከዚያ ገዳሙ።

ሻርም ኤል ሼክ አርፈን በታክሲ ዳሃብ ገባን። ከዳሃብ ትንሽ ወደ ሰሜን ሲኬድ ብሉ ሆል የሚባል ቦታ አለ፣ ባሕሩ ዳር ላይ መቶ ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ክብ ጉድጓድ ነው፣ ጠላቂዎች ከመላው ዓለም ይመጡበታል፣ እዚያው ሰጥመው የቀሩትን ሰዎች ስም ደግሞ ጓደኞቻቸው ቋጥኙ ላይ በሰሌዳ ለጥፈውታል፣ ሳየው አማተብኩ። የመኪናው መንገድ እዚያ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ እኛ ወዳረፍንበት ወደ ራስ አቡ ገሉም በእግር ወይ በግመል ወይ በጀልባ ነው፣ ተራራው ባሕሩ ላይ ተደፍቶ መሄጃው ቀጭን ድንጋያማ መንገድ ብቻ ነው። ራስ አቡ ገሉም እንደ ፈረንጆቹ ከ1992 ጀምሮ ጥብቅ ስፍራ ነው፣ የሚኖሩበት ሙዘይና የሚባሉት በደዊዎች ናቸው። ፎቅ የለ፣ አስፋልት የለ፣ በእንጨትና በዘንባባ የተሠሩ ጎጆዎች፣ መሬት ላይ ፍራሽና ምንጣፍ፣ ማታ ትንሽ የሶላር መብራት፣ በቃ። ስልኬ ላይ ሲመጣም የሚመጣው የማዶው የሳዑዲ ኔትወርክ ነው፣ እሱም ወዲያው ይጠፋል። ባሕረ ሰላጤው ጠባብ ስለሆነ የሳዑዲ ተራሮች ፊት ለፊት ነው የሚታዩት፣ አመሻሽ ላይ ቀይ ይሆናሉ። ምን ልበላችሁ፣ ደስ ብሎን ነበር። በቆርቆሮ ላይ የሚጋገር ስስ ቂጣ ከዓሣ ጋር እየበላን፣ ሀበቅ የሚሉት ቅጠል የገባበት ስኳሩ የበዛ ሻይ እየጠጣን፣ ስንት ዘመን ያላወራነውን አወራን።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። እኔ ጀርመን ከመምጣቴ በፊት ቤይሩት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ያሳለፈ ያውቀዋል፣ ፓስፖርቴ ማዳም ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በር ተቆልፎብኝ፣ ደሞዝ ሲፈልጉ ሲሰጡኝ ሲፈልጉ ሲከለክሉኝ። ከወጣሁ በኋላ ዓረብኛ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም፣ ቲቪ ላይ ሲነገር እንኳን እቀይረዋለሁ። ጸሎቴ ላይ ሁልጊዜ አንድ እሮሮ ነበረችኝ፣ "ጌታዬ ያ ዕድሜዬ ለምን ተበላ፣ ለምን ጥቅም?" የምትል። የንስሐ አባቴ "ልጄ ጠይቂው፣ አይቆጣሽም" ይሉኛል፣ እኔም እጠይቃለሁ፣ መልስ ግን የለም። ዳሃብ ላይም ባለሱቁ ሁሉ በዓረብኛ ሲያወራ እንዳልገባኝ ሆኜ ባለቤቴ በእንግሊዝኛው ሲከራከር ዝም ብዬ አየዋለሁ፣ እሱም ያውቃል፣ አንድም ቀን ተርጉሚልኝ አላለኝም።

እንግዲህ ሐሙስ ዕለት ነው። ከቀትር ጀምሮ የሰሜን ነፋስ ተነስቶ ጀልባዎቹን ሁሉ አሸዋ ላይ ጎትተው አውጥተዋቸዋል። እሱ ዳር ዳሩን ማስክ አድርጎ ሲዋኝ ውሎ ፀሐይ ገብታ ሲወጣ፣ ውኃው ጉልበት የማይሞላበት ቦታ ላይ፣ ጮኸ። ባለቤቴ የሚጮህ ሰው አይደለም። ሮጬ ስሄድ ቁጭ ብሎ እግሩን በሁለት እጁ ይዞ ይንቀጠቀጣል፣ የለበሳት የውኃ ጫማ ሶሏ ስስ ናት፣ እሾህ በስቷት ውስጥ እግሩ ገብቷል። ስቶን ፊሽ ነው የረገጠው፣ ድንጋይ የሚመስለው ዓሣ። ከመርዛማ ዓሣዎች ሁሉ የባሰ የሚባለው እሱ ነው፣ ጀርባው ላይ ያለው እሾህ ነው መርዙን የሚረጨው፣ ቢያዩትም ከድንጋዩ አይለይም።

ጎጆ እስክናስገባው እግሩ አብጦ ቆዳው መብለጭለጭ ጀመረ። ያስመልሰዋል፣ ላብ በላብ ሆኗል፣ ፎጣ ነክሶ "እግሬን ቁረጡልኝ" ይላል። አብረውን የነበሩት ቱሪስቶች አንዱ በረዶ ይላል (በረዶ ከየት ይመጣል?)፣ አንዱ ቁረጡትና ደሙን ምጠጡ ይላል፣ አንዷ ኮምጣጤ ይዛ መጣች። እኔ ነጠላዬን ከጉልበቱ በታች ጥብቅ አድርጌ አሰርኩለት። ጀልባ አልኩ፣ በዚህ ነፋስ አይሆንም ተባልኩ። ግመል አልኩ፣ በጨለማ በዚያ ገደል ሥር እንዲህ የሆነ ሰው አይጫንም፣ ይወድቃል አሉኝ። አንዱ ልጅ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ ላይ ወጣ።

ያኔ ወጣሁና ከጎጆው ጀርባ ተንበረከክኩ። የሐሙስ ውዳሴ ማርያም፣ የምታውቁት ታውቃላችሁ፣ ሙሴ በእሳት ውስጥ ሳትቃጠል ያያትን ዕፅ ነው የሚያነሳው። እኔ ግን ያን ሰዓት ጸሎቱም ጠፋብኝ፣ "እመቤቴ ሙሴ በምሳሌ ያየሽ እዚሁ በረሃ ላይ ነው፣ አገርሽ ነው፣ እኔ እዚህ ማንም የለኝም፣ ሰው ላኪልኝ፣ ሰው ብቻ ላኪልኝ" ነው ያልኩት፣ ደጋግሜ። ባሌን ከነእግሩ ከመለስሽልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ፣ ምስክርነትም እሰጣለሁ ብዬ ተሳልኩ። ነፋሱ አሸዋውን አፌ ውስጥ እየሞላው።

ስነሳ አንዲት አሮጊት በደዊ፣ ጥቁር በጥቁር የለበሰች፣ ጥቀርሻ የጠገበ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ይዛ ወደ ጎጆአችን ስትገባ አየኋት፣ ከኋላዋ ልጅ ሳፋ ተሸክሟል። ሁሉንም "ውጡ" አለቻቸው። እንግሊዝኛ የለችም፣ ልጁም ከ"ሃሎ" አያልፍም። ባለቤቴ ማንቆርቆሪያውን ሲያይ ሊያቃጥሉት የመጡ መስሎት እግሩን ይሸሻል፣ እሷ ትጎትታለች፣ እሱ ይጮሃል። እና አፌ ተከፈተ። ቃሉ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ "ያ ኻልቲ፣ ምን ልታደርጊው ነው?" አልኳት በዚያ በቤይሩት ዓረብኛዬ፣ አክስቴ ማለቴ ነው። ቀና ብላ አየችኝ፣ "ያ ቢንቲ" አለችኝ፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ ከዚያ መናገር ጀመረች፣ እኔም በአማርኛ ለሱ።

መጀመሪያ ነጠላውን ፍቺው አለችኝ፣ ማሰር እግሩን ይገድለዋል። ሙቅ ውኃ ነው መድኃኒቱ፣ ሊችለው የሚችለውን ያህል የጋለ፣ ግን እንዳይልጠው። እና ይህን ልብ በሉልኝ፣ ውኃውን በክርኗ ከለካች በኋላ ደህነኛውን እግሩን ነው አስቀድማ ያስገባችው። የተወጋው እግር ህመሙ ስለሚያሳብደው ሙቀቱን አይለይም፣ ሳያውቅ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ጤነኛው ይመስክርለት አለች። "ይቻላል?" ብላ ጠየቀችኝ፣ እኔ ጠየቅሁት፣ "ይቻላል" አለ፣ ያኔ ያበጠውን አስገባችው። ውኃው ቀዝቀዝ ባለ ቁጥር እግሩን ታወጣለች፣ ከማንቆርቆሪያው ትጨምራለች፣ በክርኗ፣ በደህናው እግር፣ እንደገና። መተንፈስ ይከብደዋል? ደረቱን ያመዋል? የልብ በሽታ አለበት? ከንፈሩ ደነዘዘ? እያንዳንዱን ትጠይቀኛለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል የሷንም የሱንም ቋንቋ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከሰዓት በላይ እንዲህ ቆየን። መጀመሪያ መጮኹን ተወ። ከዚያ ፎጣውን ከአፉ አወጣ። ከዚያ፣ ታምኑኛላችሁ፣ "ሻይ የለም?" አለ። አሮጊቷ ሳልተረጉምላት ገብቷት ሳቀች፣ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው፣ እሷ ጭን ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፣ ራሴን እየዳሰሰች ዓረብኛሽን የት ተማርሽው አለችኝ። ነገርኳት፣ ቤይሩትን፣ ማዳምን፣ የተቆለፈውን በር፣ ለንስሐ አባቴ እንኳን በዝርዝር ያልተናገርኩትን። በዓረብኛ። እሷም እየሰማች ውኃ ትጨምራለች።

ነፋሱ ቶሎ አይቆምም ብለውን ነበር። ሊነጋጋ ሲል ቆመ። ባሕሩ ተኛ፣ ጀልባዋን ገፉልን፣ ብዙም ሳይቆይ ብሉ ሆል ደረስን፣ ከዚያ በመኪና ዳሃብ ክሊኒክ። ሐኪሙ የቀረችውን የእሾህ ስባሪ አወጣለት፣ ቴታነስ ወጋው፣ አንቲባዮቲክ ሰጠው። መርዙ ፕሮቲን ነው፣ ሙቀት ይሰብረዋል፣ የመጀመሪያው እርዳታ ትክክል ነበር አለን። ፀረ መርዙ የሚሠራው አውስትራሊያ ነው፣ እኛ ጋ የለም አለ።

አሁን "ታዲያ ያዳነው ሙቅ ውኃ ነው እንጂ" የሚለኝ ይኖራል፣ አውቃለሁ፣ የገዛ እህቴም ብላኛለች። እሺ ውኃው ነው። እኔም ነርሶች መሀል ነው የምውለው፣ ሳይንሱን አልጣላውም። እኔ የለመንኩት ሰው እንድትልክልኝ ነው፣ ከጉልበቴ ሳልነሳ አሮጊቷ መጣችልኝ፣ የምናገርበትንም አፍ እመቤቴ ከብዙ ዓመት በፊት አስቀምጣልኝ ነበር። ቤይሩት ጥሩ ነበር አልልም፣ አሁንም አልልም፣ እዚያ የቀሩ እህቶቻችን አሉ። እሮሮዬን ግን ከዚያች ሌሊት በኋላ አንስቼ አላውቅም፣ ለማንሳት ስሞክር አሮጊቷ ትመጣብኛለች።

ገዳሙንም ሄድን። ዓርብና እሑድ ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ ነው የሄድነው፣ እሱ በክራንች እያነከሰ። ተራራውን መውጣት ቀረብን፣ ዕፀ ጳጦስን ግን ግቢው ውስጥ ግንብ ላይ ተንዠርግጋ አየናት፣ አረንጓዴ ናት። እሱ ብዙ አያወራም፣ ቆሞ ቆሞ "ያቺን ማንቆርቆሪያ መግዛት ነበረብን" አለኝ።

ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ሶሉ ወፍራም ጫማ አድርጉ፣ ከመሸ በኋላ ውኃ ውስጥ አትርገጡ፣ ቢወጋችሁ ሙቅ ውኃ፣ ከዚያ ቶሎ ሐኪም።

ጃንጥላውን ለማርያም ዕለት ደብራችን አስገብተናል፣ ተሸክሞ የገባው ራሱ ነው፣ ያለ ክራንች። ምስክርነቱ ግን ዛሬ ነገ ስል ቆይቶብኝ ነበር፣ ይኸው። ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።