ስማርት ዕቃዎች ከሶሌታ በላይና ከሶሌታ በታች

ጂ+2 በሆነው ቤታችን አምፖሎቹንና የውሃ ፓምፑን ከስልክ ለመቆጣጠር ስነሣ ያስጨነቀኝ የትኛውን ዕቃ ልግዛ የሚለው ነበር። ከአራት ወር ልፋት በኋላ ግን ከዕቃው ምርጫ ይልቅ ያደከሙኝ ሶሌታው (ፎቅ ከፎቅ የሚለየው የኮንክሪት ወለል)ና የመብራቱ መሄድ መምጣት መሆናቸውን መናገር እችላለሁ።

ዋይፋዩ የተተከለው ምድር ቤት፣ የኢንተርኔቱ መስመር በሚገባበት መስኮት አጠገብ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ መኝታ ቤት ያስገባሁት አምፖል በቀን ብዙ ጊዜ ከኔትወርኩ ስለሚጠፋ የተበላሸ መስሎኝ ሳሎን አውርጄ ብሞክረው ያለ እንከን ሠራ። ለካ ሲግናሉ እዚያ ለመድረስ ፌሮ የታሰረባቸው ሁለት የኮንክሪት ሶሌታዎችን ማለፍ ነበረበት። የብሎኬት ግድግዳ ሲግናልን ያዳክመዋል እንጂ እንደ ሶሌታ አይውጠውም። አብዛኞቹ ስማርት አምፖሎችና ሶኬቶች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ሲሆን፣ ይህ ሞገድ ከ5 ጊጋኸርዙ በተሻለ ግድግዳ ቢያልፍም ከሁለት ሶሌታ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ደረጃው ላይ የሰካሁት የዋይፋይ ማራዘሚያም የሚቀበለው ራሱ የተዳከመ ሲግናል ስለሆነ ገንዘቤን ከማባከን በቀር አልፈየደልኝም። የተገላገልኩት የዲሽ ገመድ በወረደበት ቱቦ የኔትወርክ ገመድ አስስቤ በየፎቁ አንድ አክሰስ ፖይንት (በገመድ የመጣውን ኔትወርክ በዋይፋይ የሚያሰራጭ ሣጥን) ካስተከልኩ በኋላ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ሥራው እንዲቀልለት ከመብራቱ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ ላሳልፈው ቢለኝም አልተስማማሁም፤ 220 ቮልት የሚሄድበት ቱቦ ለኔትወርክ ገመድ ቦታው አይደለም።

አንድ ሌሊት ደግሞ ጠፍቶ ያመሸው መብራት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመጣ፣ ሁሉም ስማርት አምፖሎች በአንድ ጊዜ ቦግ አሉ። እናቴ ከክፍሏ ወጥታ «ልጄ፣ በዚህ ሌሊት ሠርግ አለ እንዴ?» አለችኝ። ከፋብሪካ ሲመጡ ኃይል ባገኙ ቁጥር እንዲበሩ ተደርገው የተስተካከሉ ኖሯል፤ በመተግበሪያው ውስጥ «ወደ ነበረበት ይመለስ» የሚለውን መምረጥ ብቻ በቂ ነበር። ሞደሙንና አክሰስ ፖይንቶቹንም መብራት ሲሄድ እንዳይጠፉ ከአነስተኛ ዩፒኤስ (በባትሪ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ) ጋር አገናኘኋቸው።

አምፖሎቹ ሌላም ጣጣ ነበራቸው፤ ቤተሰቡ እንደ ልማዱ ግድግዳው ላይ ሲያጠፋቸው ኃይል ስለሚቋረጥባቸው ስልኬ አያገኛቸውም። ስለዚህ ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ገዛሁ። ኤሌክትሪሺያኑ የድሮውን ሲፈታው ግን ሁለት ሽቦ ብቻ ወጣ፤ ኃይል ይዞ የሚመጣው ፌዝና ወደ አምፖሉ የሚሄደው። የገዛሁት ማብሪያ ግን ለራሱ እንዲሠራ ኒውትራል የሚባለውን የመመለሻ ሽቦም ይፈልጋል። «ጋሼ፣ ኒውትራሉ እኮ እዚህ አይወርድም፤ ላይ ስካቶላው ውስጥ ነው የቀረው» አለኝ፤ ስካቶላ ሽቦዎች የሚገናኙበት ሣጥን ነው። የገዛሁትን ማብሪያ መልሼ፣ ክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ከስልክ የምትታዘዝ ሪሌ (መስመር የምትከፍትና የምትዘጋ መሣሪያ) ፌዝና ኒውትራል ሁለቱም በሚገኙበት የላይኛው ስካቶላ ውስጥ አስገባን። የድሮው ማብሪያ ከሪሌዋ ጋር ስለተያያዘ እናቴ በግድግዳው፣ እኔ በስልኬ እንጠቀማለን። በእኔ እምነት አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ኒውትራል በየማብሪያው እንዲወርድለት ገና ሽቦ ሲዘረጋ ማዘዝ አለበት፤ ከልስን በኋላ ወጪው ሌላ ነው።

ዋናው ጥፋቴ ፓምፑ ላይ ነበር። በሰፈራችን ውሃ በፈረቃ፣ ብዙውን ጊዜም ሌሊት ስለሚመጣ፣ ከታችኛው ገንዳ ወደ ጣሪያው ታንከር የሚገፋውን የአንድ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ከአልጋዬ ሳልነሣ ለማስነሣት በስማርት ሶኬት ሰካሁት። ሞተር ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ከረንት እንደሚስብ አላሰብኩም። በሦስተኛው ሳምንት የሶኬቱ የውስጥ መገናኛ ተጣብቆ ቀረ፤ ስልኬ «ጠፍቷል» እያለኝ ፓምፑ ሲሠራ አድሮ፣ ስነቃ በረንዳው ላይ ውሃው ይወርዳል። አሁን ስማርት መሣሪያው የሚያዘው ኮንታክተሩን (ለከባድ ጭነት የተሠራውን ማብሪያ) ብቻ ነው፤ የሞተሩን ጭነት የሚሸከመው ኮንታክተሩ ነው። የታንከሩና የገንዳው ፍሎቶችም (በውሃው ከፍታ የሚከፈቱና የሚዘጉ ማብሪያዎች) ኮንታክተሩን ከሚያስነሣው ኮይል ጋር በተከታታይ ስለተያያዙ፣ ላይኛው ሲሞላ ወይም ታችኛው ሲደርቅ ስልኬ ምንም ቢል ፓምፑ ይቆማል።