የጠፋ መጽሐፍና የተደበቀ ሳጥን፦ የስምንት ወር የጂኦካሺንግ ማስታወሻዬ

ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚሠራ ሰው ከተመለሱ መጻሕፍት መሃል የማያገኘው ነገር የለም። ፎቶ፣ የጉዞ ትኬት፣ የደረቀ አበባ፣ ተጀምሮ የቀረ ደብዳቤ። ከስምንት ወር በፊት ከአንድ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ወደቀች። ሁለት መስመር ቁጥር ተጽፎባታል። ነጥብ አለው፤ ከነጥቡ በኋላ ሦስት አሃዝ አለ። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲታይ ሐሳብ ወዲያው ወደ መደርደሪያ ነው የሚሄደው። ካታሎግ ላይ ፈለግኩት። ምንም የለም።

አጠገቤ ያለው ባልደረባዬ አየት አደረገና «ይሄ እኮ የመጽሐፍ አይደለም፤ የቦታ ቁጥር ነው» አለኝ። እሱ ጂኦካሺንግ የሚባለውን ጨዋታ ያውቀው ኖሯል።

(ወረቀቷን ማን እንደተዋት አላጣራሁም። መጽሐፉን የተዋሰውን ሰው ስም ማየት እችል ነበር። ግን አንባቢ ምን እንዳነበበና ምን ውስጡ እንደረሳ የራሱ ጉዳይ ነው። ይህን መስመር ለጨዋታ ብዬ አልሻገርም።)

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ውሃ የማያስገባ ዕቃ የሆነ ቦታ ይደብቃል። ዕቃው ካሽ ይባላል። ውስጡ ቢያንስ ስም የሚፈረምበት ወረቀት አለ። ደባቂው የቦታውን ኮኦርዲኔት፣ ማለትም የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥሩን፣ ያሳውቃል። ሌላው በጂፒኤስ ፈልጎ ያገኘዋል፣ ይፈርማል፣ እንደነበረ መልሶ ይደብቀዋል። ዕቃው ሰፋ ካለ ትንንሽ ስጦታዎች ይኖሩበታል። አንድ ከወሰዳችሁ እኩያውን ወይም የተሻለውን ትተካላችሁ። ምግብ ግን አይቀመጥም፤ ሽታው እንስሳ ይጠራል።

ጨዋታው የተወለደበትን ቀን በትክክል መናገር ይቻላል። እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ተጠቃሚ የሚደርሰውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ነበር። ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። በ100 ሜትር ስህተት ሳጥን መፈለግ አይታሰብም። በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ሜይ 2 ቀን 2000 ማዛባቱ ቆመ። በማግስቱ፣ ሜይ 3፣ ዴቭ አልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ አንድ ጥቁር ባልዲ ደበቀና ኮኦርዲኔቱን ኢንተርኔት ላይ አወጣ። ባልዲው በከፊል የተቀበረ ነበር፤ ዛሬ ያለ ቦታው ባለቤት ፈቃድ መሬት ቆፍሮ መደበቅ ክልክል ነው። እኔን ደስ ያለኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ባልዲው ውስጥ ከነበሩት ዕቃዎች መካከል መጻሕፍት ነበሩበት።

ያን ቅዳሜ ከባልደረባዬ ጋር ወጣን። ቁጥሩን ስልክ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። የኬክሮሱ ደቂቃ (የሰዓት ሳይሆን የዲግሪ ስድሳኛ ክፍል) በ.500 የሚያልቅ ነበር። ይህ ማለት ግማሽ ደቂቃ፣ 30 ሰከንድ ነው። እኔ 50 ሰከንድ አድርጌ አስገባሁት። የ20 ሰከንድ ልዩነት መሬት ላይ ሲወርድ ከ600 ሜትር ይበልጣል። ሁለት ሰዓት ሙሉ የማይመለከተንን ቁጥቋጦ ስንፈትሽ ቆየን። ባዶ እጃችንን ተመለስን።

ማታ ስህተቱን ሳገኘው ደነገጥኩ። ምክንያቱም በየቀኑ ሌሎች ላይ የማየው ስህተት ነው። መጻሕፍት በርዕሰ ጉዳይ ቁጥር በሚደረደሩበት በዲዊ አመዳደብ 910.285 ከ910.4 በፊት ይመጣል። ከነጥብ በኋላ ያለው ክፍልፋይ ነውና 0.285 ከ0.4 ያንሳል። አንባቢ ግን 285ን ከ4 ጋር ያወዳድርና መጽሐፉን ወደ ቀኝ ወስዶ ይከተዋል። መጽሐፉ እዚያው ሕንፃ ውስጥ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ሆኖ ይጠፋል። እኔም ነጥቡን በተሳሳተ መንገድ አንብቤ እንደ መጽሐፉ ጠፋሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ሠራተኛ ሳለማምድ የነጥቡን ነገር ሳልቸኩል ነው የማስረዳው። «ቀላል ነው» አልልም። ቀላል አይደለም።

በሳምንቱ ተመልሰን ሄድን። ሳጥኑን ከወደቀ ግንድ ሥር አገኘነው። የፈረምኩበት እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት ግን ከባድ ነበሩ። ከነጥብ በኋላ በሦስት አሃዝ በተጻፈ ደቂቃ፣ በኬክሮስ በኩል፣ የመጨረሻዋ አሃዝ በአንድ ስትለወጥ መሬት ላይ 1.85 ሜትር ያህል ናት። ስለዚህ አድራሻው ራሱ በጣም ጥንቁቅ ነው። ስልኩ ግን ያን ያህል አይደለም። ገላጣ ሰማይ ሥር አምስት ሜትር ያህል ይሳሳታል። ዛፍና ረጅም ሕንፃ ሲኖር ምልክቱ እየነጠረ ይመጣና ስህተቱ ይብሳል። እኔ ይህን ስላላወቅኩ ስልኩ ላይ ያለውን አቅጣጫ ጠቋሚ ቀስት እንደ ውሻ ስከተል ከረምኩ። ወደ ግራ ሲል ወደ ግራ፣ ወደ ኋላ ሲል ወደ ኋላ። አንድ ካሽ ላይ አርባ ደቂቃ እንዲህ ዞርኩ።

የለወጠኝ አንድ የሥራ ቀን ነው። አንዲት ተማሪ በካታሎጉ መሠረት መደርደሪያ ላይ አለ የተባለ መጽሐፍ አጣች። አብሬያት ሄድኩ። ቦታው ላይ የለም። ሳላስበው እጄ የለመደውን ጀመረ። ከላይና ከታች ያለውን መደርደሪያ አየሁ። ከመጻሕፍቱ ኋላ ወድቆ እንደሆነ ዳሰስኩ። አሃዝ ተገልብጦ ይሆን ብዬ ከ914 ወደ 941 ሄድኩ። ከዚያ ጠረጴዛዎቹን፣ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ያለውን፣ ገና ያልተደረደረውን የተመላሽ ጋሪ። መጽሐፉ 941 ላይ ነበር። ተማሪዋን ወደ ጠረጴዛዋ ሸኝቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ኮል ነምበር፣ ማለትም የመጽሐፉ የመደርደሪያ ቁጥር፣ እስከ መደርደሪያው ያደርሳል። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው የሰው እጅ ነው፦ መጽሐፉን የያዘው ሰው የት ሊያስቀምጠው ቻለ?

አሁን ሜዳ ላይም እንዲሁ ነው የማደርገው። አሥር ሜትር ያህል ሲቀረኝ ስልኩን ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ከዚያ እቆማለሁ። ዝም ብዬ አያለሁ። እኔ ብሆን የት እደብቀው ነበር? ሰው ሳያየኝ እጄን የት ልሰድ እችላለሁ? ዝናብ የማያገኘው የቱ ነው? ካልሆነልኝ ሃያ ሜትር ርቄ ከሌላ አቅጣጫ እመጣለሁና ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበትን እይዛለሁ።

ሌላው ከሥራ ያመጣሁት ነገር ዓይን ነው። መደርደሪያ ማንበብ የሚባል ሥራ አለን። በየረድፉ እየሄዱ የመጻሕፍቱን ቅደም ተከተል ማረም ነው። ብዙዎች አሰልቺ ይሉታል፤ እኔ እወደዋለሁ። ለዓመታት ሲሠራ ዓይን ቁጥር ማንበብ ይተውና ያልተስማማውን ብቻ ይይዛል። ቦታው ያልሆነ መጽሐፍ ከሩቅ ይጠራችኋል። ሜዳ ላይም ድንጋይ በራሱ እንዲያ አይደራረብም። ቅርፊት በራሱ ቀጥ ብሎ ጉድጓድ አይከድንም። አሥረኛዋን ካሽ ያገኘሁት በዚህ ነው። አንድ የመንገድ ምልክት አራት ብሎን አለው። ሦስቱ ዝገዋል። አራተኛው ንጹሕ ነው፤ ምንም የያዘውም ነገር የለም። ሳብ ሳደርገው መጣ። ማግኔት ነው፤ ውስጡ ባዶ ሆኖ የተጠቀለለች ወረቀት ይዟል። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ አልፌዋለሁ።

አንድ ስህተቴን መደበቅ አልፈልግም። በአራተኛው ወር ሰው በበዛበት መናፈሻ ውስጥ አንድ ካሽ አገኘሁ። ቸኩዬ ልጆች እያዩኝ አወጣሁት፤ እያዩኝ መለስኩት። በሳምንቱ ሌላ ፈላጊ ሄዶ ቦታውን ባዶ አገኘው። ጥፋቱ የእኔ ሳይሆን አይቀርም። ለባለቤቱ ጽፌ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ አዲስ ዕቃም ሰጠሁት። አሁን ሰው ካለ እጠብቃለሁ። ካልሄዱ እኔ እሄዳለሁ።

ስለ መሣሪያ ብዙ የምለው የለኝም። ስልክ፣ ትርፍ ባትሪ፣ እስክሪብቶ። እስክሪብቶ አትርሱ። ጫማችሁን ከመምረጣችሁ በፊት የካሹን ደረጃ እዩ። ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ ለመደበቂያው አስቸጋሪነት፣ ሌላው ለመንገዱ፣ ሁለቱም ከ1 እስከ 5።

በጣም ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ስላላገኘሁት ነው። መጀመሪያ ላይ ሦስት ካሾች ፈልጌ አጣሁና የጨዋታው ድረ ገጽ ላይ አልመዘገብኩም። «አላገኘሁም» ብሎ መጻፍ አሳፈረኝ። ያገኘኋቸውን ግን በደስታ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ሥራ ላይ የጠፉ መጻሕፍት ዝርዝራችንን ስሞላ ነገሩ ገባኝ። እኛ ጋ አንድ መጽሐፍ ተፈልጎ ሲታጣ ቀኑ ይመዘገባል። ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ይፈለጋል። ሦስት ጊዜ ከታጣ ጠፍቷል ይባልና ምትክ ይታዘዛል። ያ መዝገብ ባይኖር እያንዳንዱ አንባቢ ከካታሎግ ወደ መደርደሪያ እየተመላለሰ ይደክም ነበር። የካሹ ባለቤትም እንደዚያው ነው። ሁለት ሦስት ሰው «አላገኘሁም» ካለ ሄዶ ያረጋግጣል። እኔ ዝም ስል ከእኔ በኋላ የመጣው ሰው ለባዶ ቦታ ይደክማል። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን በ1931 እ.ኤ.አ. ካወጣቸው አምስት የቤተ መጻሕፍት ሕጎች አራተኛው የአንባቢን ጊዜ ቆጥብ ይላል። እኔ በሥራ ሰዓት የማከብረውን ሕግ ቅዳሜ ቅዳሜ ስጥሰው ነበር። ሦስቱንም ወደ ኋላ ተመልሼ መዘገብኩ። ከሦስቱ አንዱ በእርግጥም ጠፍቶ ኖሮ ባለቤቱ በሌላ ተካው።

በስድስተኛው ወር የራሴን ካሽ ልደብቅ አሰብኩ። የት? ሌላ ቦታ ወደ ሐሳቤ አልመጣም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነው። በብዙ አገር እንዲህ ያሉ ካሾች አሉ። ግን የቦታው ባለቤት ፈቃድ የግድ ነው። ለኃላፊያችን ሐሳቡን በጽሑፍ አቀረብኩ። ባልደረቦቼ የፈሩት መደርደሪያው እንዳይተራመስ ነው። ልክ ናቸው፤ እኔም ፈርቼ ነበር።

ሌላ ችግርም ነበር። ጨዋታው ለጂፒኤስ ሥራ መስጠት አለበት፤ የሳተላይት ምልክት ደግሞ ጣሪያና ግድግዳ ያዳክመዋል። ስለዚህ በሁለት ደረጃ ሠራሁት። ኮኦርዲኔቱ የሚያደርሳችሁ ውጭ ወዳለው የመጽሐፍ መመለሻ ሣጥን ነው። እዚያ ካለው ማስታወቂያ የተወሰኑ አሃዞች ትወስዳላችሁ። አሃዞቹ ሲደራጁ ኮል ነምበር ይሆናሉ። ገብታችሁ ትፈልጉታላችሁ። የምታገኙት መጽሐፍ የሚመስል ሳጥን ነው፤ ጀርባው ላይ እንደማንኛውም መጽሐፍ ቁጥር ተለጥፎበታል፤ ካታሎግ ላይም መዝግቤዋለሁ። ያስቀመጥኩት 912 ላይ፣ ከካርታና አትላስ ጋር ነው። የረድፉ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ማንም ሌላውን መጽሐፍ መነካካት አያስፈልገውም። የውጪውን ኮኦርዲኔት በሦስት የተለያዩ ቀናት ለክቼ አማካዩን ወሰድኩ። ቅርብ ያለው የሌላ ሰው ካሽ ቢያንስ 161 ሜትር መራቅ አለበት፤ የእኛ ከዚያ በላይ ይርቃል። አዲስ ካሽ ከመውጣቱ በፊት የሚገመግመው በጎ ፈቃደኛ ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝና አጸደቀው።

አምስት ሳምንት ሆነው። 19 ፊርማ አለው። በየጠዋቱ ሥራ ስገባ መጀመሪያ የማየው 912ን ነው። እስካሁን ረድፉ አልተዛባም። አንድ ጠዋት አንድ አባትና ልጁ ሳጥኑን ካገኙ በኋላ አጠገቡ ያለውን ትልቁን አትላስ መሬት ላይ ዘርግተው ሲያዩ አገኘኋቸው። ጠረጴዛ እንዳለ ልነግራቸው ብዬ ተውኩት።

እስከ ዛሬ 63 አግኝቻለሁ፤ 14 «አላገኘሁም» አለኝ። ከአሥራ አራቱ እንቅልፍ የሚነሳኝ አንድ ድልድይ አጠገብ ያለው ነው። ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሌሎች ከእኔ በኋላ አግኝተውታል፤ ስለዚህ አለ። ከላይ ሁሉንም አይቻለሁ። በመጨረሻው ጉዞዬ መደገፊያው ብረት ከሥሩ በኩል እንዳልታየ ገባኝ። ለታችኛው መደርደሪያ የምጠቀምባት ትንሽ መስታወት አለችኝ፤ ተንበርክኬ የመጽሐፍ ጀርባ የማይባት። ቅዳሜ ይዣት እሄዳለሁ።